ቀላል መሣሪያና የመምህሩ ድምፅ

«ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ» የሚለውን አባባል ሳትሰሙት አልቀራችሁም። ጠጅ ያለ ብርሌ፣ ነገርም ያለ ምሳሌ አይጥምም ለማለት የተነገረ ነው። ይሁን እንጂ አባባሉን ገልብጠን ብናየው ሌላ ቁም ነገር እናገኝበታለን። ብርሌው የቱንም ያህል ቢያምር ጠጅ ካልተቀዳበት ባዶ ዕቃ ነው። ጠጁም የቱንም ያህል ቢጥም መቅጃና መጠጫ ከሌለው ከጋኑ ወጥቶ ከእንግዳው ዘንድ አይደርስም። በዚህ ጽሑፍ የማነሣው ጉዳይ ይኸው የዕቃውና የመጠጡ ጉዳይ ነው። ዕቃ ያልሁት ዛሬ በስልክና በኮምፒዩተር የሚገኘውን ቀላል የቪዲዮ ማዘጋጃ መሣሪያ ሲሆን፣ መጠጥ ያልሁት ደግሞ መምህራችሁ የሚያስተምራችሁን ትምህርት ነው።

አቋሜን ከመጀመሪያው ግልጽ ላድርግ። እያንዳንዱ መምህር፣ በተለይም የአማርኛ መምህር፣ በእጁ ባለው ቀላል መሣሪያ አጫጭር የቪዲዮ ትምህርቶችን ማዘጋጀት ይገባዋል እላለሁ። ይህን ስል ግን ቪዲዮው መምህሩን ይተካል ማለቴ አይደለም። እንዲያውም የምከራከረው የዚህን ተቃራኒ ነው፤ ቪዲዮው የሚጠቅመው መምህሩ ራሱ ሲያዘጋጀው፣ አጭር ሲሆንና ለተማሪው ጥያቄ በር ሲከፍት ብቻ ነው። ይህን ያልሁበትን ምክንያት በቅደም ተከተል አቀርባለሁ። እናንተም እያንዳንዱን ምክንያት እየመረመራችሁ የምትቀበሉትን ተቀበሉ፤ የማትቀበሉትን በበቂ ምክንያት ንቀፉ።

የመጀመሪያው ምክንያቴ ከያዛችሁት መጽሐፍ ይነሣል። ይህ መጽሐፍ ስለ ቋንቋችሁ ብዙ ነገር ሊያስተምራችሁ ይችላል፤ አንድ ነገር ግን ፈጽሞ ሊያሰማችሁ አይችልም። ያም ድምፅ ነው። ፊደላችን ብዙ ድምፆችን ለይቶ ለመጻፍ የሚያስችል ድንቅ ቅርስ ቢሆንም፣ በተለመደው አጻጻፍ መጥበቅንና መላላትን አያሳይም። «ዋና» የሚለውን ቃል እንመልከት። «ና» ጠብቆ ሲነበብ ዐቢይ ወይም ተቀዳሚ ማለት ነው፤ ላልቶ ሲነበብ ደግሞ በውሃ ላይ እየተንሳፈፉ መሄድ ማለት ነው። «ገና» ጠብቆ ሲነበብ የልደት በዓል፣ ላልቶ ሲነበብ ጊዜው ያልደረሰ ነገር ነው። «አለ» ጠብቆ ሲነበብ ይገኛል፣ ላልቶ ሲነበብ ተናገረ ማለት ይሆናል። «ወንዝ ለሚሻገር ሰው ዋናው ነገር ዋና መቻል ነው» የሚለውን ዐረፍተ ነገር ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው ያለ ችግር ያነበዋል። ቋንቋውን በመማር ላይ ያለ ሰው ግን፣ በአገር ውስጥም ሆነ ከአገር ውጭ ያደገ፣ ልዩነቱን ከወረቀቱ ላይ አያገኘውም። አንዳንድ መዝገበ ቃላት የሚጠብቀውን ፊደል በምልክት ለይተው ያሳዩ ይሆናል። ምልክት ማየትና ድምፅ መስማት ግን አንድ አይደሉም። መምህሩ ቃሉን ጽፎ፣ በጣቱ እያመለከተ፣ ሁለት ጊዜ በሁለት መንገድ ሲያነበው ግን አንድ ደቂቃ በማይሞላ ጊዜ ነገሩ ይፈታል።

መምህሩ በክፍል ውስጥ ይህን ሁልጊዜ ያደርገዋል የሚል ተቃዋሚ ሊነሣ ይችላል። እውነት ነው፤ ያደርገዋል። ነገር ግን ክፍለ ጊዜው ያልቃል፣ ድምፁም አብሮ ያልፋል። በዚያን ቀን ታሞ የቀረ ተማሪ አይሰማውም። ኋላ ተቀምጦ በጫጫታው መካከል ያልሰማ ተማሪም «እባክዎ ይድገሙልኝ» ለማለት ያፍራል። የተቀዳ ትምህርት ግን አሥር ጊዜ ቢያስደግሙት አይሰለችም፤ ጠያቂውንም በጓደኞቹ ፊት አያሳፍርም።

ይህን እውነት በሥራ ካሳዩት ሰዎች አንዱ በአሜሪካ የሚኖረው ሳልማን ካን ነው። ካን እ.ኤ.አ. በ2004 በቦስተን ከተማ በገንዘብ ነክ ሥራ ላይ ተሰማርቶ ይሠራ ነበር። ናዲያ የተባለች የአጎቱ ልጅ በሒሳብ ትምህርት በመቸገሯ፣ እርሷ በሉዊዚያና እርሱም በቦስተን ሆነው፣ በስልክና በኢንተርኔት ያስጠናት ጀመር። የሚጠኑት ዘመዶች ቁጥር እየበዛ በመምጣቱ ለሁሉም በየተራ ጊዜ መስጠት አልተቻለውም። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ2006 ማስረጃዎቹን በአጫጭር ቪዲዮ እየቀዳ ዩቱዩብ በተባለው ቦታ ላይ ማስቀመጥ ጀመረ። መሣሪያው በኮምፒዩተር ላይ የሚጽፍ ብዕር፣ ጥቁር መደብ ያለው የመጻፊያ ገጽና የራሱ ድምፅ ነበር፤ ፊቱ እንኳ አይታይም። ካን ከዚያ በኋላ በተደጋጋሚ እንደ ተናገረው ዘመዶቹ ቪዲዮውን ከእርሱ ከራሱ ይልቅ ወደዱት። ምክንያቱም ያልገባቸውን ቦታ ያለ ኀፍረት ማስቆምና መድገም ይችሉ ነበር። ከዚህ ትንሽ ጅምር እ.ኤ.አ. በ2008 ካን አካዳሚ የተባለው ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ተመሠረተ።

ሌላው ምሳሌ ከትምህርት ቤት የመጣ ስለሆነ ይበልጥ ይቀርበናል። በአሜሪካ ኮሎራዶ ግዛት ውድላንድ ፓርክ በተባለች ከተማ ጆናታን በርግማንና አሮን ሳምስ የተባሉ ሁለት የኬሚስትሪ መምህራን ነበሩ። ተማሪዎቻቸው ለስፖርት ውድድርና ለመሳሰለው ጉዳይ ራቅ ወዳለ ቦታ ስለሚሄዱ ብዙ ትምህርት ያመልጣቸው ነበር። መምህራኑ እ.ኤ.አ. በ2007 ትምህርታቸውን በቀላል ፕሮግራም እየቀዱ ለቀሩት ማዳረስ ጀመሩ። ቆይተው ግን አንድ ሌላ ነገር አስተዋሉ። ማስረጃው በቪዲዮ በቤት ከታየ፣ የክፍሉ ጊዜ ለጥያቄ፣ ለሙከራና ደካማውን ለመርዳት ነፃ ይሆናል። ስለዚህ ቪዲዮው መምህሩን ከክፍል አላስወጣውም፤ ከጥቁር ሰሌዳው ፊት አንሥቶ ከተማሪው ጎን አስቀመጠው እንጂ።

እዚህ ላይ በአገራችን የታየውን ማስታወስ ያስፈልጋል። ትምህርትን በድምፅና በምስል ማሠራጨት ለኢትዮጵያ እንግዳ ነገር አይደለም። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥራ ጀምሯል፤ የትምህርት ሬድዮም ለብዙ ዓመታት በየትምህርት ቤቱ ተደምጧል። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ብዙዎቻችን «ፕላዝማ» ብለን የምናስታውሰው፣ በሳተላይት የሚሠራጭ የቴሌቪዥን ትምህርት በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተስፋፋ። የፕላዝማው ዓላማ በጎ ነበር። በከተማም በገጠርም የሚማር ተማሪ አንድ ዓይነት፣ በሚገባ የተዘጋጀ ትምህርት እንዲያገኝ፣ ቤተ ሙከራ የሌለውም ሙከራውን በምስል እንዲያይ ታስቦ ነው። ይህ ጥቅሙ ሊካድ አይገባም።

ጉድለቱስ ምን ነበር? እኔ በዚያን ጊዜ የአማርኛ መምህር በመሆኔ የማስተምረው በጠመኔ ነበር። ከእኔ ክፍል ቀጥሎ ባለው ክፍል ግን የፊዚክስ ትምህርት በፕላዝማ ይሰጥ ነበር። አንድ ቀን በበሩ በኩል ሳልፍ አንዲት ልጅ እጅዋን አንሥታ አየሁ። በቴሌቪዥኑ ውስጥ ያለው አስተማሪ ጥያቄ አቅርቦ፣ ለመልስ ጥቂት ሰኮንዶች ሰጥቶ፣ መልሱን ራሱ ተናግሮ ወደ ሚቀጥለው ነጥብ አለፈ። ልጅቱ እጅዋን እንዳነሣች ቀረች። የክፍሉ መምህርም ሥርጭቱን ማስቆም ስለማይችል በማዘን ይመለከታት ነበር። ከአርባ ደቂቃ ገደማ ክፍለ ጊዜ አብዛኛውን የሚወስደው ሥርጭቱ ነው። ቋንቋው እንግሊዝኛ፣ ፍጥነቱም ለሁሉም አንድ ነው። መብራት ሲጠፋ ደግሞ የዕለቱ ትምህርት አብሮ ይጠፋል። የዚያች ልጅ እጅ እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም።

ከዚህ የተማርሁትን በአንድ ዐረፍተ ነገር ልግለጸው። ችግሩ ምስሉ አልነበረም፤ ችግሩ ምስሉን የሚያስቆምና የሚያስቀጥል ሰው አለመኖሩ ነበር። መምህሩ የትምህርቱ ባለቤት መሆኑ ቀርቶ የመሣሪያው ጠባቂ ሆነ። ዛሬ የምንነጋገርበት ቀላል መሣሪያ ግን ነገሩን ይገለብጠዋል። ትምህርቱን የሚያዘጋጀው የክፍሉ መምህር ነው። የሚናገረው ተማሪዎቹ በሚረዱት ቋንቋና ፍጥነት ነው። ተማሪውም በፈለገው ቦታ ያስቆመዋል።

መሣሪያዎቹ ምን ምን እንደ ሆኑ ባጭሩ ልዘርዝር። የመጀመሪያው በእጅ ያለው ስልክ ነው። ስልኩን በመጻሕፍት ክምር ላይ አስደግፎ፣ ወረቀት ላይ እየጻፉ መቅዳት ይቻላል። በብዙ ስልኮች ላይም በገጹ የሚታየውን ሁሉ ከድምፅ ጋር የሚቀዳ መሣሪያ አብሮ ተሠርቷል። ኮምፒዩተር ያለው መምህር ፓወርፖይንት በተባለው ፕሮግራም እያንዳንዱን ገጽ እያሳየ ድምፁን ቀድቶ ሁሉንም በአንድነት ወደ ቪዲዮ ሊለውጥ ይችላል። ኦ.ቢ.ኤስ. ስቱዲዮ እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ፣ ያለ ክፍያ የሚገኝ መቅጃ ነው። ኦዳሲቲ እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ በነፃ የሚገኝ ሲሆን ድምፅን ለመቁረጥና ለማጥራት ያገለግላል። ኦፕንሾት ደግሞ የቪዲዮውን ቁርጥራጭ ለመቀጠል ይረዳል። ስክሪንካስቲፋይና ሉም በኢንተርኔት አማካይነት የኮምፒዩተሩን ገጽ ይቀዳሉ። ኤድፐዝል በተባለው መሣሪያ ደግሞ መምህሩ ቪዲዮውን በመረጠው ቦታ ላይ እያስቆመ ጥያቄ ሊያስገባበት ይችላል። ከእነዚህ አንዳንዶቹ በከፊል ብቻ ነፃ ስለሆኑ መምህሩ ሥራውን ከመጀመሩ በፊት ገደባቸውን ማወቅ አለበት።

ይህን ሁሉ መዘርዘሬ ግን መምህሩ ሁሉንም ይማር ለማለት አይደለም። አንዱን መርጦ በሚገባ ማወቅ ይበቃዋል። አንጥረኛ የሚመሰገነው በመዶሻው ብዛት ሳይሆን በሠራው ሥራ ነው። መሣሪያ ማሳደድ የጀመረ መምህር ትምህርቱን ይረሳል፤ በብርሌው ላይ ያለውን ጌጥ ሲቆጥርም ጠጁ ይሆመጥጣል።

እኔም ይህን የተረዳሁት በስሕተት ነው። መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. በኮቪድ-19 ወረርሽኝ ምክንያት ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ በተወሰነ ጊዜ እኔ ገና በማስተማር ላይ ነበርሁ። ለተማሪዎቼ አንድ ነገር ማድረግ አለብኝ ብዬ ስለ መጥበቅና መላላት አንድ ሙሉ ትምህርት ቀዳሁ። ርዝመቱ 38 ደቂቃ ነበር። ጥራቱም ከፍተኛ እንዲሆን ብዙ ደከምሁ። በቴሌግራም ልኬ ምስጋና ስጠብቅ፣ ከሁለት ቀን በኋላ አንዲት ተማሪ ደወለችልኝ። «መምህር፣ የላኩት ትምህርት ግማሹ ላይ ሲደርስ የአባቴ ካርድ አለቀ፤ አባቴም ለሥራ የሚደውልበት አጣ» አለችኝ። ልጅቱ ይህን የተናገረችው በትሕትና ነው፤ እኔ ግን ሥራዬን የሚያወድስ ቃል ስጠብቅ የሰማሁት ይህ በመሆኑ በጣም አፈርሁ።

ከዚያ በኋላ ወረቀትና እርሳስ ይዤ ሒሳቡን ሠራሁት። እናንተም አብራችሁ ሥሩት። በሰኮንድ 2,500 ኪሎቢት የሚወስድ ጥራት ያለው ቪዲዮ በደቂቃ 150,000 ኪሎቢት ይሆናል። ስምንት ቢት አንድ ባይት ስለሆነ፣ ይህን ለስምንት ስናካፍለው በደቂቃ 18.75 ሜጋባይት እናገኛለን። በ38 ደቂቃ 712.5 ሜጋባይት ይሆናል ማለት ነው። ጥራቱን ወደ 500 ኪሎቢት ዝቅ ብናደርገው ግን በደቂቃ 3.75 ሜጋባይት ብቻ ነው፤ ጽሑፉ ጎልቶ ከተጻፈም ለንባብ ይበቃል። ትምህርቱን ወደ 6 ደቂቃ ብናሳጥረው በጠቅላላው 22.5 ሜጋባይት ይሆናል። ድምፁን ብቻ በ64 ኪሎቢት ብንልከው ደግሞ 6ቱ ደቂቃ 3 ሜጋባይት እንኳ አይሞላም። ልብ በሉ፤ ከ712.5 ወደ 22.5 ሜጋባይት የወረደው አዲስ መሣሪያ ተገዝቶ አይደለም። መምህሩ ስለ ተማሪው ኪስ በማሰቡ ብቻ ነው።

ስለዚህ ያንኑ ትምህርት እንደ ገና ቀዳሁት። በመስኮት አጠገብ ተቀመጥሁ፤ ብርሃኑ ከፊቴ እንጂ ከኋላዬ እንዳይመጣ አደረግሁ። የክፍሉ ግድግዳ ድምፁን እየመለሰ ስላስቸገረኝ ጋቢና ብርድ ልብስ በወንበሮች ላይ ዘረጋሁ። አራት ቃላትን ብቻ መርጬ በ6 ደቂቃ ጨረስሁ። በመካከል የጎረቤት ዶሮ ጮኸ፤ አልቆረጥሁትም። በማብቂያው ላይ አንድ ጥያቄ አስቀመጥሁ፤ «ከምታውቋቸው ቃላት ጠብቆና ላልቶ ሲነበብ ትርጉሙ የሚለወጥ አንድ ቃል ፈልጋችሁ በድምፃችሁ ቀድታችሁ ላኩልኝ» የሚል ነበር። ያቺው ልጅ «ሰፊ» የሚለውን ቃል ላከች፤ ጠብቆ ሲነበብ ስፋት ያለው፣ ላልቶ ሲነበብ ልብስ የሚሰፋ ሰው ማለት ነው። ሌላው ተማሪ ደግሞ «ሁለቱም ለእኔ አንድ ሆነው ይሰሙኛል» ብሎ ጻፈልኝ። በዚህን ጊዜ ደወልሁለትና ቃሉን አብረን አልነው። ይህም ቪዲዮው ትምህርቱን ቢጀምረውም የሚፈጽመው መምህሩ መሆኑን አስረዳኝ።

የቪዲዮ ማጠር የእኔ ልምድ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2014 ፊሊፕ ጓ፣ ጁሆ ኪምና ሮብ ሩቢን የተባሉ ተመራማሪዎች ኤዴክስ በተባለው የኢንተርኔት ትምህርት ላይ የ6.9 ሚሊዮን ጊዜ የቪዲዮ አመለካከትን መርምረው ውጤቱን አሳትመዋል። ካገኟቸው ነገሮች አንዱ አጫጭር ቪዲዮዎች፣ በተለይም ከ6 ደቂቃ ያነሱት፣ ይበልጥ እንደሚታዩ ነው። ሌላው ደግሞ መምህሩ በጠረጴዛው አጠገብ እንደ ነገሩ ተቀምጦ የሚቀዳው ትምህርት ብዙ ወጪ ከተደረገበት የስቱዲዮ ሥራ የተሻለ ተመልካች ሊያገኝ መቻሉ ነው። ለእኛ የሚጠቅመን መደምደሚያ ይህ ነው፤ የመሣሪያ ድህነት ለትምህርት ድህነት ሰበብ ሊሆን አይችልም።

አሁን ወደ ተቃዋሚዎች ሐሳብ ልለፍ። አንደኛው ተቃውሞ «ስልክና ኢንተርኔት የሌለው ተማሪስ?» የሚል ነው። ይህ ከሁሉም የከበደ ተቃውሞ ስለሆነ በቀላሉ ላልፈው አልፈልግም። ቪዲዮ ያለውንና የሌለውን ተማሪ የሚያራርቅ ከሆነ ጥቅሙ ጉዳት ይሆናል። ስለዚህ መምህሩ ሦስት ነገሮችን ማሟላት አለበት እላለሁ። የተቀዳው ትምህርት በማስታወሻ ካርድ ወይም በብሉቱዝ ያለ ኢንተርኔት ከስልክ ወደ ስልክ እንዲተላለፍ ይደረግ። ፍሬ ሐሳቡ በአንድ ገጽ ወረቀት ተጽፎ ለሁሉም ይሰጥ። ከሁሉም በላይ ደግሞ በቪዲዮ ብቻ የተነገረና በክፍል ያልተነገረ ነገር በፈተና አይምጣ። ይህ ሦስተኛው ካልተጠበቀ ድሀው ተማሪ በማያውቀው ሚዛን ይመዘናል።

ሁለተኛው ተቃውሞ መምህሩ አስቀድሞም ሥራ በዝቶበታል የሚል ነው። ይህም እውነትነት አለው። አንድ መምህር በሳምንት ብዙ ክፍሎችን እያስተማረ፣ የብዙ ተማሪዎችን ደብተር እያረመ፣ በየዕለቱ ቪዲዮ ያዘጋጅ ማለት ግፍ ነው። እኔ ግን በየዕለቱ አላልሁም። ተማሪዎች በየዓመቱ የሚሰናከሉባቸው ጥቂት ነጥቦች በየትምህርቱ አሉ። መምህሩ እነዚህን ለይቶ በወር አንድ ቢቀዳ በአንድ የትምህርት ዘመን ዘጠኝ ወይም አሥር ይሆኑለታል፤ ለሚቀጥለው ዓመትም ይተርፉታል። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እንደሚባለው በአንድ ትምህርት ቤት ያሉ መምህራን ነጥቦቹን ቢከፋፈሉ ደግሞ ሸክሙ ይበልጥ ይቀልላል። ትምህርት ቤቶችም ይህን እንደ ትርፍ ጊዜ ጨዋታ ሳይሆን እንደ ሥራ ቆጥረው ጊዜ ሊሰጡት ይገባል።

ሦስተኛው ተቃውሞ «በዓለም ላይ እጅግ ያማሩ ቪዲዮዎች ሞልተው የእኛ መምህር በዶሮ ጩኸት መካከል የሚቀዳው ለምን ያስፈልጋል?» የሚል ነው። ለሒሳብና ለፊዚክስ ይህ ጥያቄ ጥቂት ክብደት ይኖረው ይሆናል። ለአማርኛ ግን ከቶ የለውም። የአማርኛን መጥበቅና መላላት፣ የቅኔያችንን ሰምና ወርቅ፣ የአነጋገራችንን ለዛ ሌላ አገር ተቀምጦ የሚያዘጋጅልን የለም። እኛ ካላዘጋጀነው አይኖርም። በዋሽንግተን፣ በቴል አቪቭ ወይም በሪያድ የሚያድግ የኢትዮጵያዊ ልጅ የእናትና የአባቱን ቋንቋ ለመማር ሲፈልግ የሚያገኘው እኛ ያስቀመጥንለትን ብቻ ነው። በሒሳብና በፊዚክስም ቢሆን ተማሪው የት ላይ እንደሚሰናከል ከክፍሉ መምህር የተሻለ የሚያውቅ የለም።

ከዚህ ጋር ሁለት ጥንቃቄዎችን ማንሣት ያስፈልጋል። መምህሩ የሌላውን ሰው ምስል፣ ዜማ ወይም ጽሑፍ እንደ ራሱ አድርጎ በቪዲዮው ውስጥ ማስገባት የለበትም፤ የቅጅ መብት በአገራችን በአዋጅ ቁጥር 410/1996 የተጠበቀ ነው። እንዲሁም የተማሪዎችን ፊትና ድምፅ ያለ ራሳቸውና ያለ ወላጆቻቸው ፈቃድ ቀድቶ ማሠራጨት አይገባም። አንድ ጊዜ በኢንተርኔት የተለቀቀ ነገር እንደ ፈሰሰ ውሃ ስለሆነ ተመልሶ አይታፈስም።

እስካሁን ስለ መምህሩ ግዴታ ተናገርሁ። ይሁንና ትምህርት የሁለት ሰዎች ሥራ ስለሆነ የእናንተም ድርሻ አለበት። ቪዲዮ ማየት ቀላል ነው፤ ከመቅለሉም የተነሣ የተማሩ የሚያስመስል አታላይ ነገር አለው። ምስሉ ሲያልፍ ሁሉም የገባችሁ ይመስላችኋል። ቪዲዮውን ዘግታችሁ ባዶ ወረቀት ፊት ስትቀመጡ ግን እውነቱ ይገለጣል። ስለዚህ አንድን ትምህርት በቪዲዮ ስታዩ እርሳስ ያዙ፤ በየነጥቡ አስቁሙ፤ የገባችሁን በራሳችሁ ቃል ጻፉ፤ ያልገባችሁን በጥያቄ መልክ ጽፋችሁ በማግሥቱ ለመምህራችሁ አቅርቡ። ከሁሉም ይልቅ በጥያቄ አትፈሩ። ያን ጊዜ በፕላዝማው ፊት እጅዋን አንሥታ የቀረችው ልጅ ጥፋት አልነበረባትም፤ የሚሰማት መሣሪያ አጣች እንጂ። እናንተ ግን የሚሰማችሁ መምህር አላችሁ።

በመጨረሻም ወደ ተነሣሁበት ምሳሌ ልመለስ። ብርሌ ይለዋወጣል። አባቶቻችን በብራና ላይ ጽፈው አስተማሩ፤ እኛ በጠመኔና በጥቁር ሰሌዳ ተማርን፤ እናንተ ደግሞ በእጃችሁ በምትይዙት ስልክ ትማራላችሁ። ከእናንተ በኋላ የሚመጡትም ዛሬ ስሙን የማናውቀውን ዕቃ ይይዙ ይሆናል። ያ ሁሉ ሲለዋወጥ የማይለወጥ ነገር ቢኖር፣ የሚያውቅ ሰው ለማያውቀው ሰው በትዕግሥት ማስረዳቱ፣ የማያውቀውም እስኪገባው ድረስ መጠየቁ ነው። ቀላሉን መሣሪያ እንቀበለው የምለው ይህን የቆየ ሥራ ስለሚያግዝ ነው፤ ይህን ሥራ ልተካ ባለ ቀን ግን ከእጃችን እናስቀምጠው።

እናንተስ ምን ትላላችሁ? አቋማችሁን በአንድ ዐረፍተ ነገር አስቀምጣችሁ፣ ሦስት ምክንያቶችን አቅርባችሁ፣ አንድ የተቃዋሚ ሐሳብ አንሥታችሁ መልስ በመስጠት፣ ከአንድ ገጽ ያልበለጠ ድርሰት ጻፉ። ከእኔ ሐሳብ ጋር ባትስማሙ ቅር አልሰኝም፤ ምክንያታችሁ የጠበቀ ይሁን እንጂ። «የጠበቀ» የሚለውን ቃል በትክክል ማንበባችሁን ግን አንድ ጊዜ ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አረጋግጡ።